4060 ከ3060 የሚበልጠው በስሙ ነው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ ያለ አንድ የኮምፒውተር ማሠልጠኛ ለስሪዲ ንድፍ ክፍሉ የሚገዛቸውን 20 ግራፊክስ ካርዶች (ኮምፒውተሩ ውስጥ ምስል የሚሥሉ ክፍሎች) መረጠ። ለውሳኔ የቀረቡት ሁለት ነበሩ፦ ባለ 12 ጊጋባይት ሜሞሪው አርቲኤክስ 3060 እና ባለ 8 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 4060። ኮሚቴው 4060ን አጸደቀ። ምክንያቱን የጠየቀ አንድ የሙያ ባልደረባዬ ያገኘው መልስ፣ አዲሱ ከአሮጌው እንደሚሻል ለማወቅ ስብሰባ መቀመጥ አያስፈልግም የሚል ነው። በ20 ካርድ ገንዘብ ላይ የሚወስን አካል ስብሰባ ካላስፈለገው መቼ ሊያስፈልገው ነው?

የካርዱን ቁጥር የሚያወጣው ሠርቶ የሚሸጠው አምራቹ ነው። የሁለቱም ካርዶች አምራች ኤንቪዲያ በ2016 እ.ኤ.አ. ጂቲኤክስ 1060 ብሎ ሁለት ካርድ ሸጠ፤ ባለ 6 ጊጋባይቱ 1280 ኮር (ሒሳቡን የሚሠሩ ጥቃቅን ክፍሎች) ነበረው፣ ባለ 3 ጊጋባይቱ 1152። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ 4080 ብሎ ሊያወጣው የነበረውን ባለ 12 ጊጋባይት ካርድ የገዢው ቁጣ ሲበዛበት ገበያ ሳይደርስ ሰረዘው። ይኸው 3060 ራሱ ባለ 8 ጊጋባይት ዲቃላ አለው፤ ሳጥኑን አገላብጦ ያላየ ሰው 12 ነው ብሎ ይዞት ይገባል። ጥለቱን ብቻ አይቶ ሸማ የሚገዛ የለም፤ ድሩን ዳሰስ ያደርጋል። ኮሚቴው ግን ጥለቱን አይቶ ገንዘቡን ቆጠረ።

ድሩን ለዳሰሰ ነገሩ ሌላ ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው 3060 የያዘው 3584 ኮር ነው፣ በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው 4060 ግን 3072። የሜሞሪ መተላለፊያው ከ192 ቢት ወደ 128 ጠበበ፣ በሰከንድ የሚያመላልሰው ከ360 ጊጋባይት ወደ 272 ወረደ፣ ሜሞሪው ከ12 ወደ 8። በ«አዲሱ» ላይ ያልቀነሰ ነገር ፈልግ ብባል የማገኘው ፍጥነተ ምቱን (ኮሮቹ በሰከንድ የሚመቱበትን ብዛት)፣ ኋላ የምመጣበትን ካሹን እና ስሙን ነው።

ከቃለ ጉባኤው ጋር የተያያዘው የሻጩ ወረቀት ላይ የ4060 ዐምድ ከጎኑ ካለው የ3060 ዐምድ እጥፍ በትንሽ ያነሰ ሆኖ ተሥሏል። ይህንን ቁመት ያገኘው በፍሬም ጀነሬሽን ነው። ካርዱ በእርግጥ በሣላቸው ሁለት ፍሬሞች (ተከታታይ ምስሎች) መካከል አንድ ፍሬም በግምት ሠርቶ ይሰካል። ወተት ላይ ውኃ ማከል ነው፤ ማሰሮው ይሞላል፣ ላሟ የሰጠችው ግን ያው ነው። በጨዋታ ጊዜ ዐይን ይታለል ይሆናል። በብሌንደር (የስሪዲ መሥሪያ ፕሮግራም) የሆቴል ሳሎን ሬንደር ለሚያደርግ፣ ማለትም ንድፉን ወደ ምስል ለሚቀይር ተማሪ ግን አንዲት ደቂቃ አይቆጥብለትም። ከሁሉ የሚያስቀው፣ ይህ ቴክኒክ ራሱ ተጨማሪ ሜሞሪ ይበላል፤ ያውም ሜሞሪ ባነሰው ካርድ ላይ።

አምራቹ ራሱ ያለዚህ ቅመም የሚናገረው ብልጫ 20 በመቶ ገደማ ነው። እሺ፣ እሱን ልስጣቸው። ሥራው 8 ጊጋባይት ውስጥ እስከገባ ድረስ 4060 ይቀድማል። ጭቅጭቄ በሙሉ ያለው «እስከገባ ድረስ» በምትለዋ ላይ ነው።

የምተዳደረው የሕንፃ ንድፍ ሬንደር እያደረግሁ ስለሆነ ሒሳቡን በየቀኑ አየዋለሁ። በየአቅጣጫው ሆቴል በሚቆምባት ከተማችን ደንበኛ የሚፈልገው መሠረቱ ሳይቆፈር እብነ በረዱ ሲያብረቀርቅ ማየት ነው። አንድ 8192 በ8192 ፒክስል የሆነ የእብነ በረድ ምስል በአራት የቀለም መስመር ሳይጨመቅ ሲዘረጋ 256 ሜጋባይት ይይዛል። ለአንድ ቁስ አንድ ምስል አይበቃም፤ ለቀለሙ አንድ፣ ለሻካራነቱ አንድ፣ ለጎድጓዳነቱ አንድ፣ በትንሹ ሦስት። አሁን ወለል፣ ግድግዳ፣ ምንጣፍ፣ መጋረጃ፣ የሶፋ ቆዳ እያላችሁ 10 ቁስ ቁጠሩ። 30 ምስል፣ 7680 ሜጋባይት! ገና ወንበሩ አልገባም፣ በረንዳው ላይ ያሉት ዘንባባዎች ቅጠላቸው አልተቆጠረም፣ ዊንዶውስም ለራሱ የሚቆነጥረውን አልቆነጠረም። ስምንቷ አለቀች። ምስሎቹን አሳንሱ ይሉኛል። አሳንሳለሁ፤ ደንበኛው ምስሉን ጎትቶ አጉልቶ እብነ በረዱ ጭቃ ሲመስል ግን መልሱን የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ኮሚቴው አይደለም።

ሜሞሪው ሲሞላ ምን ይሆናል? ወይ ፕሮግራሙ ሜሞሪ አለቀ ብሎ ቀጥ ይላል፣ ወይ የተረፈው ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይገፋል። ከራም ወደ ካርዱ የሚያመላልሰው ፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚባለው የማዘርቦርዱ መተላለፊያ ነው፤ እዚህም 4060 የተሠራው በ8 መስመር ብቻ ነው፣ 3060 በ16። በማሠልጠኛው አንድ ሰሞን አስተምሬ ስለነበር ሳጥኖቹን ከፍቼ አውቃቸዋለሁ፤ ማዘርቦርዶቹ የያዙት የዚህን መተላለፊያ ሦስተኛ ትውልድ ነው። በእነርሱ ላይ 8 መስመር ማለት በሰከንድ 8 ጊጋባይት ገደማ ነው። ካርዱ በገዛ ሜሞሪው 272 እያመላለሰ፣ የተረፈውን በ8 ሊለቃቅም ነው፤ በ34 እጥፍ ዝግታ! በፍጥነት መንገዱ ከአዲስ አበባ ተወርውሮ መጥቶ መግቢያው ላይ በአህያ ጋሪ እንደ መቀጠል ያለ ነው። ያን ጊዜ ያቺ 20 በመቶ የት ትገኛለች?

4060 ትልቅ ካሽ (ከኮሮቹ አጠገብ ያለች ትንሽ ፈጣን ማከማቻ) አለው የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። አለው፣ በ3 ፈንታ 24 ሜጋባይት። ጓዳው ሰፋ እንጂ ጎተራው ጠበበ።

የኤሌክትሪኩ ነገር ብቻ ትንሽ ያሳምነኛል። 4060 የሚወስደው 115 ዋት ነው፣ 3060 ደግሞ 170፤ በአዳማ ሙቀት 20 ማሽን በታጨቀበት ክፍል ውስጥ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ቢሆንም ሒሳቡን እንሥራው። የ20ዎቹ ልዩነት ተደምሮ 1100 ዋት ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ የዚህን ሦስት እጥፍ ያህል ይጎትታል። ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታው ላይ የሚሽከረከሩት የነፋስ ተርባይኖች ለዚህ የሚሰንፉ አይመስለኝም።

ገበያ ላይ ያለው 3060 አብዛኛው የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) ማዕድን ሲቆፍር የኖረ ነው የሚሉም አሉ። ያገለገለ ካርድ አትግዙ፣ አለቀ። ለኮሚቴው የቀረበው ያልተከፈተ ሳጥን ነበር።

የሚያናድደኝ ካርዱ መመረጡ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የአንድ ካርድ ዋጋ ስንት ሰው አፍ እንዳስያዘ እያወቁ፣ ለዓመታት የማይደገም ግዢ በአንድ አሐዝ ብልጫ መወሰናቸው ነው። ሠልጣኙ ክፍል ውስጥ ትንንሽ ኩብ እያሽከረከረ 4060 እንዴት ፈጣን ነው ብሎ ይመረቃል፤ የመጀመሪያውን እውነተኛ ሥራ ይዞ እኔ ቢሮ ሲመጣ ስክሪኑ ይጠቁርበታል፣ ጥፋቱም የእሱ ይመስለዋል።

ውሉ እስከ ዛሬ አልተፈረመም ተብያለሁ። እንግዲያው ሁለቱን ካርዶች ከሻጩ ተውሰው በአንዱ ማሽናቸው ላይ በየተራ ይሰኩ። ፋይሉን እኔ በፍላሽ ይዤ እመጣለሁ። ባለ አራት ፎቅ የእንግዳ ማረፊያ ነው፣ ከነግቢው ዛፎች፤ ሲከፈት ከ9 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል።