አሜሪካና አውሮፓ የሚጣሉት በጦርነትና በሰላም አይደለም

አሜሪካና አውሮፓ በውጭ ፖሊሲ በተጣሉ ቁጥር አንድ የተለመደ ማብራሪያ ብቅ ይላል። አሜሪካኖች ጉልበት ይቀናቸዋል፤ አውሮፓውያን ደግሞ ሁለት የዓለም ጦርነት የለበለባቸው ስለሆኑ ሕግና ድርድር ይመርጣሉ ይባላል። ለማኪያቶ ወሬ ጥሩ ነው። ታሪኩን ገለጥ ሲያደርጉት ግን ብዙ አያስኬድም።

በተለይ እኛ ልንቀበለው አይገባም። በ1935 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ፋሺስት ኢጣሊያ ሲወረን የመንግሥታቱን ማኅበር ይመሩ የነበሩት እንግሊዝና ፈረንሳይ ናቸው። ማዕቀብ ጣሉ፤ ነዳጅን ግን አላካተቱበትም። በ1938 ደግሞ ለኢጣሊያ ግዛት እውቅና ሰጥተው ቁጭ አሉ። እውቅና ሳይሰጡ ከቀሩት አንዷ ማኅበሩ ውስጥ ጭራሽ ያልገባችው አሜሪካ ናት። እርግጥ እሷም የገለልተኝነት ሕግ አውጥታ ዳር ቆማ ነበር።

የሁለቱ ጠብ ምን እንደሆነ ለማየት ግን ከሁሉም የሚሻለው የስዊዝ ጉዳይ ይመስለኛል።

በ1956 የግብፁ መሪ ጋማል አብደል ናስር የስዊዝ ካናልን ወረሱ። ካናሉን የያዘው ኩባንያ በእንግሊዝ መንግሥትና በፈረንሳይ ባለአክሲዮኖች እጅ ነበር። ሁለቱ አገሮች ከእስራኤል ጋር ፓሪስ አጠገብ ባለችው ሴቭር ተደብቀው ተመካከሩ። እስራኤል ሲናን ትወራለች፤ እንግሊዝና ፈረንሳይ ደግሞ «ገላጋይ ነን» እያሉ ካናሉን ይይዛሉ። ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ዕቅዱ በሥራ ላይ ዋለ።

ያኔ «ሕግ ይከበር፣ ውጡ» ያለው ማን ነበር? ዋሽንግተን! ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ጉዳዩን ወደ ጸጥታው ምክር ቤት ወሰዱት። እንግሊዝና ፈረንሳይ በቬቶ ጣሉት። በዚህ መሃል ፓውንድ እየተንገዳገደ ነበር። ለንደን ከአይኤምኤፍ ገንዘብ ልትወስድ ስትል አሜሪካ መጀመሪያ ተኩሱን አቁሙ አለች። የእንግሊዝ ጦር ካናሉ ላይ ባረፈ በሁለተኛው ቀን ተኩስ ቆመ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ አንተኒ ኤደን በጃንዋሪ 1957 ሥልጣን ለቀቁ።

አይዘንሃወር ይህን ያደረጉት የሰላም ሰው ስለነበሩ ነው? በፍጹም። በ1953 የኢራኑን ሞሳዴቅ፣ በ1954 የጓቲማላውን አርቤንዝ በሲአይኤ ያስገለበጠው የእሳቸው መንግሥት ነው። በ1956 ያንገበገባቸው ወዳጆቻቸው ከጀርባቸው መዶለታቸው ነው። ያውም በዚያው ሳምንት የሶቪየት ታንኮች ቡዳፔስትን እየደመሰሱ፣ እሳቸውም ምርጫ እየጠበቁ።

ጠቡ ያኔም አሁንም አንድ ነው። ማን ይወስናል? ሲወሰንስ ማን ይጠየቃል? ጦርነት ይሁን ድርድር የሚለው ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው።

ከስዊዝ በኋላ ሁለቱ ተሸናፊዎች የደረሱበት ድምዳሜ ለየቅል ነበር። እንግሊዝ ሁለተኛ ያለ አሜሪካ አልነቃነቅም አለች። ፈረንሳይ ሁለተኛ አሜሪካን ተማምኜ አልተኛም አለች። በ1960 አልጄሪያ በረሃ ውስጥ የራሷን አቶሚክ ቦምብ ሞከረች። በ1966 ደ ጎል ጦራቸውን ከኔቶ የጋራ ዕዝ አስወጡ፤ የድርጅቱ ዋና መሥሪያ ቤትም ከፓሪስ ለቆ ብራስልስ ገባ። እንግሊዝ ቬትናም ጦር አለመላኳ እንዳለ ሆኖ፣ በ2003 ኢራቅ ላይ ቶኒ ብሌር ከቡሽ ጋር ሲሰለፉና ዣክ ሺራክ እምቢ ሲሉ ሁለቱም የአገራቸውን የስዊዝ መደምደሚያ እየደገሙ ነበር።

ስለ ኢራቅ ስናስታውስ ደግሞ «አውሮፓ ተቃወመች» ማለት ይቀናናል። አልተቃወመችም፤ ተከፈለች። የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ራምስፌልድ ፈረንሳይንና ጀርመንን «አሮጌዋ አውሮፓ» ብለው ሲያጣጥሉ ስፔን፣ ኢጣሊያና ፖላንድ ከአሜሪካ ጎን ነበሩ። የማድሪድና የሮም ሕዝብ ጎዳናውን አጥለቅልቆ ሲቃወም መንግሥታቱ ደግፈዋል። ሊቢያ ላይ በ2011 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ቸኩለው የነበሩት የፈረንሳዩ ሳርኮዚና የእንግሊዙ ካሜሮን ናቸው፤ የሚያመነታው ኦባማ። ጀርመን በጸጥታው ምክር ቤት ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። ቦምብ መጣል የጀመሩት አውሮፓውያን በሳምንታት ውስጥ ጥይት አጠራቸው። አየር ላይ ነዳጅ የሚሞላላቸውም በአብዛኛው የአሜሪካ አውሮፕላን ነበር። ሰላም ወዳድ አውሮፓ እዚህ የት አለች?

አሁን ወደ ኢራን ልሂድ። የውሳኔው ጥያቄ ራቁቱን የታየው እዚያ ነው።

በ2015 ቪየና ላይ የኢራንን የኑክሌር ሥራ የሚገድብ ስምምነት ተደረሰ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ አሜሪካ፣ ሩሲያና ቻይና ነበሩበት። በሜይ 2018 ትራምፕ ወጡ። አውሮፓውያን አልወጡም። ኢራን ቦምብ እንዳይኖራት በመፈለግ ረገድ ከአሜሪካ ጋር ልዩነት የላቸውም። ግን ነገሩ እዚህ ላይ አላበቃም። አሜሪካ የራሷን ኩባንያዎች ብቻ ከልክላ ብትተው ጥሩ ነበር። ከኢራን ጋር የሚነግድ ማንም ይሁን ማን ከዶላር ዓለም ይወጣል አለች።

የፈረንሳዩ ቶታል በ2017 ከኢራን ጋር ትልቅ የጋዝ ውል ፈርሞ ነበር። በ2018 ጥሎ ወጣ። የአውሮፓ ኅብረት የ1996 ሕጉን አቧራ አራግፎ አወጣና ኩባንያዎቹን «የአሜሪካን ማዕቀብ እንዳታከብሩ» ብሎ አዘዘ። አንድ የፓሪስ ባንክ ኃላፊ በሁለት ሕጎች መሃል ቆሞ አስቡት። ብራስልስ አክብረህ ብትገኝ እቀጣሃለሁ ይላል፤ ዋሽንግተን ሳታከብር ብትገኝ እቀጣሃለሁ ይላል። ቢኤንፒ ፓሪባ የሱዳን፣ የኢራንና የኩባ ማዕቀብ ጥሰሃል ተብሎ በ2014 ለአሜሪካ ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር እንደከፈለ ሁሉም ያውቃል። ሰውየው የቱን እንደሚመርጥ መገመት አይከብድም።

እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጀርመን በ2019 ኢንስቴክስ የሚባል መገበያያ አቋቋሙ። ከዶላር ውጭ ከኢራን ጋር ለመነገድ ነበር ሐሳቡ። የመጀመሪያው ግብይት በማርች 2020 ተፈጸመ። የሕክምና ዕቃ ነበር። በ2023 ተዘጋ። ሦስት ትልልቅ ኢኮኖሚዎች ተረባርበው አንድ ሱቅ ማስቀጠል አቃታቸው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው አያነሳውም። አሜሪካ ውስጥ የውጭ ስምምነት በሴኔቱ እንዲጸድቅ የሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ይህን ማግኘት ዛሬ ከባድ ነው። ስለዚህ ፕሬዚዳንቶች ሴኔቱን ዘለው ይስማማሉ፤ የኢራኑም እንደዚያ ነበር። አንዱ በፊርማ ያመጣውን ሌላው በፊርማ ይሰርዘዋል። የፓሪሱን የአየር ንብረት ስምምነት ተመልከቱ። ኦባማ ገቡ፣ ትራምፕ ወጡ፣ ባይደን ገቡ፣ ትራምፕ እንደገና ወጡ። አውሮፓ በተቃራኒው ለመግባት ዓመታት ይፈጅባታል። በውጭ ጉዳይ 27ቱ የኅብረቱ አባላት ሁሉ መስማማት አለባቸው። አንድ ጊዜ ከገቡ ግን ለመውጣትም ያንኑ ያህል ይቸገራሉ። ዋሽንግተን አውሮፓን ፈዛዛ ትላለች፤ አውሮፓ ዋሽንግተንን ወላዋይ ትላለች። ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ርቀትም አለ። አሜሪካ በሁለት ውቅያኖስ መሃል ናት። ሶሪያ ስትነድ በ2015 ብቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በባሕር አውሮፓ ገባ። ኒው ዮርክ ማንም በጀልባ አልደረሰም። አውሮፓ ጎረቤቷን ስለምትፈራ ብዙ ጊዜ ትለማመጣለች፤ አንዳንዴም አጉል ትለማመጣለች። በ2021 የኅብረቱ አገሮች ከውጭ ከሚያስገቡት ጋዝ 40 በመቶ ገደማው የሩሲያ ነበር። አሜሪካ የሩሲያን ጋዝ ወደ ጀርመን እንዲያደርስ የታሰበውን ኖርድ ስትሪም 2 የተባለ ቧንቧ ስትቃወም፣ በ2019 ማዕቀብ ስትጥልበትም፣ የጀርመኗ መሪ ሜርክል የንግድ ሥራ ነው ብለው ተከላከሉ። በፌብሩዋሪ 2022 ሩሲያ ዩክሬንን ስትወርር ማን ልክ እንደነበር ታየ። አሜሪካ የራሷን ጋዝ መሸጥም ትፈልግ ነበር፤ ዛሬ ለአውሮፓ ፈሳሽ ጋዝ ከሚሸጡት አንደኛዋ እሷ ናት። ልክ መሆን ከጥቅም ጋር ሲገጥም ደግሞ የበለጠ ያናድዳል።

የሁለቱን ልዩነት አዲስ አበባም በቅርብ አይታዋለች። በኦክቶበር 2020 ትራምፕ ግብፅ የህዳሴን ግድብ ታፈነዳዋለች ብለው በአደባባይ ተናገሩ። በማግስቱ የአውሮፓ ኅብረት የውጭ ጉዳይ ኃላፊ ጆሴፕ ቦሬል ጊዜው ውጥረት የሚባባስበት አይደለም፣ የአፍሪካ ኅብረት የሚመራውን ድርድር እንደግፋለን አሉ። በቀጣዩ የትግራይ ጦርነት ደግሞ ሁለቱም ኢትዮጵያን ተጫኑ። ብራስልስ 88 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ የበጀት ድጋፍ ያዘች። ማዕቀብም ታስቦ ነበር፤ አባላቱ አልተስማሙም። ዋሽንግተን ግን የቪዛ እገዳ፣ ከዚያ በፕሬዚዳንቱ ፊርማ የማዕቀብ ትእዛዝ፣ ከዚያ በጃንዋሪ 2022 ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድሉ፣ ማስወጣት። አንዱ ደብዳቤ ሲያረቅ ሌላው ሐዋሳ ላይ የምትሰፋ ልጅ ሥራ ላይ ደርሶ ነበር። ለአገራችን የትኛው ይሻል ነበር የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እዚህ ላይ የሚታየው የሁለቱ የአወሳሰን ፍጥነት ነው።

ብዙዎች ይህ ሁሉ የትራምፕ ጣጣ ነው ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ትራምፕ ነገሩን ያለ ጨዋ ቃል አወጡት እንጂ አልፈጠሩትም። በሴፕቴምበር 2021 ባይደን ከእንግሊዝና ከአውስትራሊያ ጋር ኦከስ የተባለውን የባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ስምምነት ሲያውጁ ፈረንሳይ ከአውስትራሊያ ጋር የነበራት የ12 ባሕር ሰርጓጅ መርከቦች ውል ውኃ በላው። ፓሪስ ከዋሽንግተን አምባሳደሯን ጠራች፤ በሁለት መቶ ዓመት ከምናምን ወዳጅነት ተደርጎ አያውቅም። ይህ «አሜሪካ ተመልሳለች» እያሉ የመጡት የባይደን ዘመን ነው።

በ2025 ደግሞ በፌብሩዋሪ ወር ብቻ የአሜሪካና የሩሲያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ሪያድ ላይ ስለ ዩክሬን ሲነጋገሩ አውሮፓም ዩክሬንም አልተጠሩም። በሳምንቱ ዩክሬንና አውሮፓውያን ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ባቀረቡት የውሳኔ ሐሳብ ላይ አሜሪካ ከሩሲያ ጋር ሆና «አይደለም» ብላ ድምፅ ሰጠች። አውሮፓውያን ደነገጡ።

ድንጋጤያቸው ይገባኛል፤ አዘኔታዬ ግን ግማሽ ነው። ኔቶ ማለት ድንኳኑም ወንበሩም ድስቱም የአንድ አባል የሆነበት እድር ነው። ሌሎቹ መዋጮ ሲያጓትቱ ኖረው ሰውየው ድንኳኑ የት ይተከል የሚለውን ብቻዬን ልወስን ሲል ይቆጣሉ። በ2011 ተሰናባቹ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስትር ሮበርት ጌትስ ብራስልስ ሄደው በዚሁ ከቀጠላችሁ የአሜሪካ ትዕግሥት ያልቃል ብለው ነበር። የጌትስ አለቃ ኦባማ ናቸው። በ2014 ከጠቅላላ የአገር ውስጥ ምርት 2 በመቶ ለመከላከያ እናውላለን ተባለ፤ ከአሥር ዓመት በኋላም ያላሟሉ ነበሩ። በጁን 2025 ሄግ ላይ ቁጥሩ በ2035 5 በመቶ እንዲሆን ተስማሙ።

ይህ ገንዘብ አውሮፓን ከአሜሪካ እኩል ያስቀምጣታል? የሚገዛበት ዕቃ ይወስነዋል፤ የዴንማርክን ነገር የምከታተለውም ለዚህ ነው። አሜሪካ በ2001 ስትጠቃ ኔቶ የአንዱ ጥቃት የሁሉም ነው የሚለውን አንቀጽ 5 ለመጀመሪያና እስካሁን ለብቸኛ ጊዜ ሥራ ላይ አዋለ። ዴንማርክ አፍጋኒስታን ዘመተች፤ ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ብዙ ወታደር ካጡት አንዷ ናት። አሁን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ግሪንላንድን ስጡኝ ይሏታል። በሴፕቴምበር 2025 ኮፐንሃገን ለአየር መከላከያዋ የአሜሪካውን ፓትሪዮት ትታ የፈረንሳይና ኢጣሊያን ሥርዓት መረጠች። ፓሪስ ተደሰተች። በቀጣዩ ወር ባሏት ላይ 16 ኤፍ-35 ተዋጊ አውሮፕላኖች እጨምራለሁ አለች። የእነዚህ ሶፍትዌር የሚመጣው ከአሜሪካ ነው።