ፖስት ካርድ በኤንቬሎፕ አይታሸግም!

ከውጭ አገር ፖስት ካርድ በኤንቬሎፕ አሽጋችሁ የምትልኩልኝ ወዳጆቼ፣ ስለ ፈጣሪ ተዉኝ! «እንዳይቆሽሽ ብለን ነው» ትላላችሁ። ይቆሽሽ እንጂ! እኔ የምሰበስበው ሥዕሉን ብቻ ሳይሆን ቴምብሩን፣ ማኅተሙንና የመንገዱን እድፍ ጭምር ነው። ጀርባው ባዶ የሆነ የኤፍል ማማ ምን ይሠራልኛል? ማማው በ1889 እ.ኤ.አ. ከተመረቀ ጀምሮ ሲታተም የኖረ ሥዕል ነው፤ የትም ሞልቷል።

ቴምብሩን ልጦ ለራሱ ካስቀረ በኋላ ካርዱን «ስጦታ» ብሎ የሚያመጣልኝ ዘመድ ደግሞ አለ። ጥጉ ላይ የተቦጨቀ ነጭ ወረቀት፣ ግማሽ ክብ ማኅተም፣ የከተማው ስም ሦስት ፊደል ብቻ ቀርቶለት! ጭራሽ አመስግነኝ ይለኛል።

እንግሊዞች በ1902 እ.ኤ.አ. የካርዱን ጀርባ ለሁለት ከፍለው ግማሹን ለመልእክት የፈቀዱት ሰው ሁለት መስመር እንዲጽፍበት ነበር። የእኛ ሰው ግን «ሰላም ነው?» ብሎ ይፈርማል፤ እሱንም ከጻፈ ነው።

እስቲ እኔ መልስ ልላክ ብዬ አዲስ አበባ ውስጥ ስዞር የማገኘው ያው ቤተ ጊዮርጊስ፣ ያው የፋሲል ግንብ ነው፤ ያውም ፀሐይ አገርጥቶት፣ ጠርዙ ተጣጥፎ። የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያስ? የሐረር ጠባብ መንገዶችስ? ሻጩን ብጠይቀው «በስልክህ አንሳው» አለኝ።

«ፎቶውን በቴሌግራም ልላክልህ?» ለሚለኝማ መልስም አልሰጥ።