የባሕር መብራት ማማ የመንግሥት ሥራ ብቻ ነበር? አይደለም

ወንድሜ፣ “የባሕር መብራት ማማ ድሮም በመንግሥት ገንዘብ ብቻ ነው የተሠራው” ያልከው እርማት ይፈልጋል። እዚህ ሐዋሳም ፍቅር ሐይቅ ዳር ሻይ እየጠጣን ይሄንኑ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

እንግሊዝን እንይ (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1698 ከፕሊመዝ ፊት ለፊት ኤዲስቶን በሚባል ዓለት ላይ ማማ ሠርቶ ያበራው ሄንሪ ዊንስታንሊ የግል ሰው ነበር። መብራቱ ሻማ ነው፣ ዙሪያው ክፍት ባሕር፣ በ1703 ደግሞ ከባድ ማዕበል መጥቶ ማማውንም እሱንም ጠራርጎ ወሰዳቸው።

ገንዘቡስ ከየት ነው? መርከቦች ወደብ ሲደርሱ በጭነት አቅማቸው ልክ ይከፍላሉ። ባሕር መሀል ማን ያስቆማቸዋል፤ ወደብ ላይ ግን ማምለጫ የለም።

ግን “መንግሥት ጭራሽ እጁ የለበትም” ማለትም ልክ አይደለም። ክፍያ የመሰብሰብ መብት የሚገኘው ከንጉሡ ወይም ከፓርላማ ነበር፣ ብዙ ጊዜ የሚሰበስቡትም የጉምሩክ ሰዎች ናቸው። በ1836 ፓርላማው ትሪኒቲ ሃውስ የተባለው የባሕር መብራት ማማዎችን የሚያስተዳድር ተቋም የግል ማማዎቹን እንዲገዛ ሥልጣን ሰጠው። ዌልስ ዳርቻ ያለው ስኬሪስ በ1841 ሲገዛ ከ444 ሺህ ፓውንድ በላይ ወጥቶበታል። ለአንድ መብራት!