የአያትየዋ ድብድብ ብቻውን ይበቃል

እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የልጆች ፊልም «ኤሊየንስ ኢን ዘ አቲክ» ስለ እሱ በተጻፈ አንድ ጽሑፍ ላይ «ጫጫታ ብቻ» መባሉ አልተዋጠልኝም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ቤተሰቡ ለእረፍት ሚሺጋን ወዳለ የሐይቅ ዳር ቤት ይሄዳል። ጣሪያው ሥር ደግሞ ከሌላ ዓለም የመጡ ድንክዬ ወራሪዎች አሉ። ብልሃቱ መሣሪያቸው ላይ ነው። አዋቂ ሰው አንገት ላይ ከተሰካ እንደፈለጉ ያዙታል፤ ልጆች ላይ ግን አይሠራም! ስለዚህ እማዬን አባዬን መጥራት ዋጋ የለውም። ልጆቹ ራሳቸው መላ መምታት አለባቸው። ብዙ የልጆች ፊልሞች አዋቂዎቹን ገለል ለማድረግ ሰበብ ሲፈልጉ ይደክማሉ። ይሄኛው በአንድ ሐሳብ ጨርሶታል።

የአያትየዋ ድብድብስ እንዴት ይረሳል? ዶሪስ ሮበርትስ የምትጫወታቸውን አያት ልጆቹ በጌም መቆጣጠሪያ እየመሩ፣ ወራሪዎቹ ከሚያዙት ጎረምሳ ጋር ሲያፋልሟቸው ቤታችን በሳቅ ነው የፈረሰው።

የጎረምሳው ቀልዶች ለትንንሾቹ አይሆኑም፤ እሱ ላይ ከጽሑፉ ጋር እስማማለሁ። ባለ አራት እጁ ስፓርክስ ግን አንጀት ይበላል። ከወራሪዎቹ ጋር መጥቶ ጦርነት የማይፈልገው እሱ ነው። ከትንሿ ሃና ጋር ያላቸው ጓደኝነት እንዴት በጽሑፉ ሳይነሳ ቀረ?