ኑና ዘበኛ ሁኑልኝ

ዛሬ የተነሣሁት ሰው ላመሰግን ነው። የማመሰግነው ወዳጄ ደብረ ብርሃን ነው ያለው። 2,800 ሜትር ላይ፣ አጥንት በሚሰብረው ብርድ፣ ሌሊቱን ሙሉ ጋቢ ተከናንቦ፣ ከጋቢው በላይ ሄድፎን ደፍቶ፣ ሰው ወደ ጨዋታው ይጠራል። ስሙን ትቼ በማዕረጉ ልጥራው። ጃንሆይ ይባላል። ማን ሾመው እንዳትሉኝ። ራሱ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። ሮል ፕሌይ የሚባል ነገር አለ፣ ባጭሩ አርፒ። ኦንላይን ጌም ውስጥ ገብቶ ሌላ ሰው ሆኖ መኖር ነው። አንዱ ፖሊስ፣ አንዱ ታክሲ ነጂ፣ አንዷ ሐኪም፣ አንዱ ወንበዴ ይሆናል። አሸናፊ የለም፣ ነጥብ የለም፣ የሚሠራው ታሪክ ነው። ጂቲኤ 5 የሚባለውን ጌም በፋይቭኤም በኩል፣ ማለትም የራስን ሰርቨር (ተጫዋቾች የሚገናኙበትን ኮምፒውተር) ለማቆም በሚያስችል ፕሮግራም፣ የሚጫወቱ ሰዎች በዚህ መንገድ ሙሉ ከተማ ያቆማሉ። ነገሩ ቀልድ አይደለም፤ የጌሙ ባለቤት ሮክስታር ራሱ በ2023 እ.ኤ.አ. የፋይቭኤምን ሠሪዎች ጠቅልሎ ወስዷቸዋል።

ብቻ ስሙን ብታሳምሩትም እቃቃ ነው። ልጅ ሳለን በጭቃ ድስት የሠራነው፣ ቅጠል ከትፈን «ጎመን ነው» ያልነው፣ ያው እቃቃ። ልዩነቱ ይሄኛው መብራት ሲጠፋ ይቆማል።

እቃቃ ደግሞ ለብቻ አይሆንም። እናት ካለች ልጅ ያስፈልጋል፣ ልጅ ካለ ጎረቤት። ስለዚህ ሰው መጥራት ግድ ነው። የጃንሆይ ሊቅነት የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ሌጅን ስኩዌር የሚባለው የጌሙ አደባባይ መሃል ቆሟል። የመኝታ ቤት ሮብ ለብሶ «ካባ ነው» ይላል። «አርፒ የሚፈልግ አለ?» ብሎ ጻፈ። ማንም አልመለሰም። «አርፒ የሚፈልግ አለ???» ዝም። 14 ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በየዙሩ የጥያቄ ምልክቱ እየበዛ ሄዶ መጨረሻ ላይ ከፊደሉ በለጠ። ሰው በመኪና አጠገቡ ያልፋል። አንዱማ ገጨው።

ጥሪ ማለት ይሄ ነው! የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ይህን አይቶ ቢማር ምናለ። እሱ ማን እንደሞተ፣ ቀብሩ የት እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ተናግሮ ነገሩን ያበላሸዋል። ጃንሆይ ግን ምስጢር ይጠብቃል። ምንድነው የምንጫወተው? አይታወቅም። እኔ ማን ልሆን ነው? አይታወቅም። ብቻ ኑ። ሰፈራችን ያለችው ጠላ ሻጭም ያው የጥሩምባ ነፊው እህት ናት። እንጨት ላይ ጣሳ ደፍታ በሯ ላይ ትተክላለች፣ አለቀ። ያየ ሁሉ ጠላ እንዳለ ገብቶት ጎንበስ ብሎ ይገባል። ጣሳውን አውርዳ «ጠጪ አለ?????» እያለች ብትጮህ እኮ ይሄኔ የት በደረሰች።

እንዲያም ሆኖ አንድ የዋህ መጣ። «ሰላም፣ ምንድነው የምትጫወተው?» አለ። ጃንሆይ ጊዜ አላጠፋም፣ ፋይል ላከለት። 22 ገጽ።

አንብቤዋለሁ፣ ወዳጅነት ከባድ ነው። የሥርወ መንግሥቱ ታሪክ ነው። ሰይፉ ስም አላት። ፈረሱ ስም አለው። የፈረሱ እናት ሳትቀር ስም አላት። (ፈረስ ጌሙ ውስጥ የለም።) ገጽ 17 ላይ ስትደርሱ ሎስ ሳንቶስ፣ ማለትም የጌሙ ከተማ፣ ከጥንት ጀምሮ የአንኮበር ግዛት እንደነበረች ትረዳላችሁ። ከታሪኩ ቀጥሎ ሕገ መንግሥቱ አለ። አንቀጽ 1፦ ጃንሆይ አይመታም። አንቀጽ 9፦ ጃንሆይ በስህተት ከተመታ አልተመታም። መጨረሻው ላይ የሚሞላ ቅጽ አለ። ስምህ ማነው? ለምን ዘበኛ መሆን ፈለግህ? በ300 ቃል አብራራ።

ሰውዬው መልስ አልሰጠም። «እያነበበ ነው» አለኝ ጃንሆይ። ይኸው እስከ ዛሬ እያነበበ ነው።

ሕጉን ባንድ ሌሊት ብቻውን መጻፉንም ሳላደንቅ አላልፍም። የመንዝ ሰው ጓሳ የሚባለውን የሣር ምድሩን ሲጠብቅ የኖረው ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ሣሩ መቼ ይታጨዳል፣ መቼ ይዘጋል የሚለውን ተሰብስቦ፣ ተጨቃጭቆ፣ ተስማምቶ ነበር የሚወስነው። ያ ሁሉ ጭቅጭቅ ምን ይሠራል? ጃንሆይ ማንም ሳይኖር ስለሚወስን ተቃውሞ የሚባል ነገር ገጥሞት አያውቅም። ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም።

ለነገሩ ንግሥና አገሩ ነው። ዘርዐ ያዕቆብ ከተማችንን የቆረቆረው በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ተብሎ ነው፣ ስሟም ከዚያው የመጣ ነው። የጃንሆይ ብርሃን ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ እያለ የሚበራው ኪቦርዱ ነው። ሣህለ ሥላሴ ከ1813 እስከ 1847 እ.ኤ.አ. ሸዋን ሲገዛ ግብር ያበላ ነበር። ወጪውን አስቡት። ሰንጋው፣ ጠጁ፣ እንጀራው። ሰው ለመሰብሰብ ብሎ! ጃንሆይ ይህን ሁሉ አስቀርቶታል። የእሱ ግብር ላይ እሱ ይበላል፣ እኛ እናያለን።

እኛ ማለቴ እኔም ስላለሁበት ነው። ዘበኛ ነበርኩ። «ግባ እንጂ፣ ትልቅ ቦታ ነው የምሰጥህ» ብሎኝ ገባሁ። እውነትም ትልቅ ነበር፣ በሩ። ከቤቴ ሆኜ፣ አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ፣ እየተንገጫገጨ በሚሄድ ኢንተርኔት፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ በር ላይ ቆምኩ። ውስጥ ምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ነው። ምክር ቤቱ ጃንሆይና ራስ ቢትወደድ ናቸው። ራስ ቢትወደዱም ጃንሆይ ነው፣ በሁለተኛ አካውንት፣ በላፕቶፑ። ከባድ ክርክር ነበር። አንድ ጊዜማ ራስ ቢትወደዱ ሊረታው ሲል ላፕቶፑን ዘጋበት።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። እኔ ሰፈር ብቻ። ሻማ አብርቼ፣ ሽሮ አሙቄ በላሁ። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መብራቱ ሲመጣ እየሮጥኩ ገባሁ። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር። ለካ አዋጅ ወጥቷል፦ «በዛሬው ዕለት በራችን ያለ አንዳች ክፍተት በመጠበቁ ዘበኛችን ምስጋና ይገባዋል።» ሹመትም ጨመረልኝ። ደጃዝማች ሆንኩ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛው ደጃዝማች እኔ ነበርኩ። ወታደር አልነበረንም።

አንድ ቀን ግን እውነተኛ ሰው ተገኘ። ሌባ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እዚህ ጨዋታ ላይ የምታደርገውን ነገር በጽሑፍ መግለጽ አለ። ሌባው «በአጥሩ ቀስ ብሎ ይዘላል፣ ኮሽታ ይሰማል» ብሎ ጻፈ። እኔ በሩ ላይ ነኝ። ኮሽታውን ልሰማ ወይስ አልሰማ? ልቤ መታች። መጻፍ ጀመርኩ። ጃንሆይ ቀደመኝ፦ «ጃንሆይ ሌባውን በአንድ እጁ አንገቱን ይዞ ወህኒ ወረወረው። ሌባውም እያለቀሰ ይቅርታ ለመነ።»

የሌባውን ልቅሶ እንኳ እሱ ጻፈለት። አርፒ የሚጫወቱ ሰዎች ይህን ፓወርጌሚንግ ይሉታል፣ ብዙ ሰርቨር ላይም ክልክል ነው። እነሱ እንደሚሉት «ሊይዘው እጁን ዘረጋ» ብለህ ታቆማለህ። ማምለጡን ወይም መያዙን የሚጽፈው ሌላው ነው። ይሄ ግን የሰው መልስ መጠበቅ የሚባል አድካሚ ሥራ ያመጣል። ጃንሆይ ለሌባው አዝኖለት ድካሙን ሁሉ ተሸከመለት። ሌባው ከወህኒውም ከሰርቨሩም አመለጠ። ተመልሶ አላየነውም።

«ሰው አልመጣም» ብሎ ደግሞ ቤቱ አይቀመጥም። ሰው ያለበት ድረስ ይሄዳል። በዚያው ሰሞን የማናውቃቸው ተጫዋቾች ቀብር ላይ ነበሩ። ባልደረባቸው የሆነ ፖሊስ «ሞቶ» ነው። ጥቁር ለብሰው፣ ተሰልፈው፣ አንዱ የሟቹን ታሪክ እያነበበ። እኔን እንኳ ሆዴን ባር ባር አለኝ። ጃንሆይ በነጭ ሊሞዚን መጣ። ጡሩምባውን እየነፋ አስከሬኑ አጠገብ ቆመና «ዘበኛ የሚፈልግ መንግሥት አለ! ደመወዝ የለውም፣ ክብር ግን አለ!» አለ።

እኛ ዘንድ ለቅሶ ቤት ስትገባ ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ቆይተህ «እግዜር ያጽናችሁ» ትላለህ። የቀረበልህን ንፍሮ ትቆረጥማለህ። አንተ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ እነሱ ይመጣሉ። ብድር ነው። ጃንሆይ ግን ማንም ቤት ሄዶ ተቀምጦ አያውቅም። የሰው ታክሲ ተሳፍሮ አያውቅም። ሐኪም የሆኑት ሰዎች ሆስፒታል ከፍተው በሽተኛ አጥተው ሲቀመጡ «ወገቤን አመመኝ» ብሎ ገብቶ አያውቅም። ንጉሥ እንዴት ይታመማል? አንቀጽ 1ን ይመልከቱ።

የኦንላይን ጨዋታ ሊቃውንት ይህን ሰው ሳያዩ መጻፋቸው ያሳዝነኛል። በ1978 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትሩብሾ ሙድ የሚባል፣ ብዙ ሰው አብሮ የሚገባበት፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሄድ ጨዋታ ጀመረ። አብሮት የሠራው ሪቻርድ ባርትል በኋላ በ1996 እ.ኤ.አ. ተጫዋቾችን በአራት ከፈላቸው። ግብ የሚመታ፣ አገር የሚያስስ፣ ሰው የሚያጫውት፣ ሰው የሚገድል። ደብረ ብርሃን ቢመጣ አምስተኛውን ያገኝ ነበር። ዘበኛ የሚያቆም።

አሁን ወደሚያሳዝነው ነገር ልምጣ። እሑድ ዕለት ጃንሆይ ቤት ቡና ተጠርቼ ነበር። የእህቱ ልጅ መጥታለች፣ ዐሥር ዓመቷ ነው። የእናቷን ስልክ ይዛ፣ ሮብሎክስ የሚባል ብዙ ጌም ያለበት መድረክ ውስጥ፣ ብሩክሄቨን የሚባለው ጌም ገባች። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ተገብቶበታል። ቤት አለ፣ መኪና አለ፣ የቀረውን ራስህ ፍጠር ነው። ልጅቷ መንገድ ዳር ቁጭ አለች። በተሰባበረ እንግሊዝኛ «ዶሮዬ ጠፋች» ብላ ጻፈች። አንዴ። ከዚያ ዝም ብላ ቆሎዋን መቆርጠም።

አንዱ በብስክሌት ሲያልፍ ቆመ። «ምን ዓይነት ናት?» አላት። ገብስማ ልትል ፈልጋ እንግሊዝኛው ጠፋባትና «ነጠብጣብ ያላት» አለች። ልጁ «አይቻታለሁ! ወደ ሆስፒታሉ ስትሮጥ» አለ። እስቲ አሁን ምኑን አየ? ዶሮ እኮ የለችም! አንዷ መጥታ ፖሊስ ሆነች። አንዷ ቤቷን ከፍታ በየክፍሉ መፈለግ ጀመረች። ሌላው ማንም ሳይጠይቀው «እኔ ነኝ የሰረቅኳት» አለ። ቡናው ሁለተኛው ሳይደርስ ስድስት ሰው ሆኑ።

ጃንሆይ ሲኒውን እንደያዘ ከኋላዋ ቆሞ አየ። ፊቱ ጠቆረ። «ታሪክ የላትም» አለኝ በሹክሹክታ። «ሕግ የላትም። ቅጽ እንኳ አላስሞላችም።» እውነቱን ነው። ሰርቄያለሁ ያለውን ልጅ «አንተ ዘበኛ ነህ፣ አትሰርቅም» አላለችውም። «ለምን?» ብላ ነው የጠየቀችው። «ርቦኝ» አለ። ልጅቷ አሰበች፣ አሰበችና «እሺ እንቁላሏን ለኔ ስጠኝ» አለችው። ፖሊሷ ይህን ስትሰማ ሁለቱንም አሰረቻቸው። እንዲህ ያለ ሥርዓት አልበኝነት!

ጃንሆይ አልቻለም። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ራሱ ገባ። መንገዱ መሃል ቆሞ «የጠፉ ዶሮዎች በሙሉ የዘውዱ ንብረት ናቸው» ብሎ አወጀ። ስድስቱም ዝም አሉ። ፖሊሷ «ይሄ ማነው?» ብላ ጻፈች።

ልጅቷ ከስልኩ ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ዶሮዋን የሚሆን ሰው አጥተናል። አንተ ሁናት በቃ።»

ጃንሆይ ሲኒውን አስቀመጠ። ጋቢውን አስተካከለ። ብዙ አሰበ።

«ዶሮዋ» አለ፣ «ስንት ገጽ ታሪክ አላት?»