ዳስ ይሻለናል ወይስ ዋርካ?

ጎንደር ውስጥ፣ ከፒያሳ ወረድ ብላ፣ አንዲት የተረሳች አደባባይ አለች። ንጣፏ ተነቃቅሏል። ጠዋት ሊስትሮዎች ይቀመጡባታል፤ ከቀትር በኋላ ፀሐዩ ሁሉንም ያባርርና ፍየል ብቻ ይቀራል። ጥላ ይሠራላት ተብሏል። ምን ዓይነት ጥላ? አንዲት ወጣት አርክቴክትና አንድ ጡረተኛ መምህር፣ ሁለቱም የሰፈሩ ሰዎች፣ በጽሑፍ ተከራከሩ።

አርክቴክቷ፦ አራት የብረት ምሰሶ፣ በላያቸው የተወጠረ 8 በ8 ሜትር ሸራ። ሁለቱ ማዕዘኖች ከፍ፣ ሁለቱ ዝቅ ይላሉ። እንዲህ ሲጠማዘዝ ነፋስ አያርገበግበውም፤ ዝናብም ሆድ ሠርቶ አይተኛበትም። ከሥሩ መቀመጫ። በቃ። ዳስ እኮ ነው ጋሼ፤ ለሠርግም ለለቅሶም ስንጥለው የኖርነው።

መምህሩ፦ ልጄ፣ ዳስ ደግነቱ መፍረሱ ነው። ለቅሶው ሲያበቃ ነቅለን ሸራውን ለዕድሩ እንመልሳለን። ያንቺ ግን እንደቆመ ይቀራል። ሲቀደድስ ማን ይሰፋዋል? ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፤ የበረንዳዬን ሸራ ፀሐይ በሁለት ክረምት እንደ አሮጌ ነጠላ አሳሳችው። በ2012 ጥምቀትም እዚሁ ጎንደር የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ሰው ሞቶብናል። እኔ ዋርካ ይተከል ነው የምለው። ጃንተከል ዋርካ ሥር ስንት ጉዳይ አልቋል!

አርክቴክቷ፦ ዋርካው ጥላ እስኪጥል ሊስትሮዎቹ ሽማግሌ ይሆናሉ። ደግሞ የፋሲል መዋኛን ግንብ ይዩት። ሥሮቹ እንዴት አድርገው እንደጨመደዱት! እንግዳው ፎቶ ያነሳል፤ እኔ የማስበው ከንጣፉ ሥር ያለውን የውኃ ቧንቧ ነው። የ2012ቱን በቀላሉ አላልፈውም። እንዲህ ያለ ሸራ ግን የሚያስፈራው ክብደቱ ሳይሆን ነፋስ ከሥር ገብቶ ሲያነሳው ነው። ስለዚህ መሠረቱ ይከብዳል፤ ሒሳቡም ከሥዕሉ በፊት ይሠራል። ሸራውም የበረንዳ ሸራ አይደለም፤ ጨረር እንዲችል ተብሎ የተሠራ ነው። እሱም ቢሆን አንድ ቀን ይለወጣል፤ የመለወጫው ብር ከአሁኑ ይያዝ።

መምህሩ፦ ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምሬያለሁና አንድ ነገር ልንገርሽ። ሥዕልሽ ላይ ጥላው ልክ ከሸራው ሥር ነው። ያ የእኩለ ቀን ጥላ ነው፤ ያውም የሚያዝያ። ሰው ንፋስ ልቀበል ብሎ የሚወጣው 10 ሰዓት ላይ ነው። ያኔ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘቅዝቃለች። ጣሪያሽ 4 ሜትር ከፍ ካለ፣ ጥላው 5 ሜትር ያህል ወደ ምሥራቅ ይሸሻል። ምሥራቅ በኩል ያለው ምንድን ነው? የባጃጅ መቆሚያ! ለባጃጅ ነው ዳስ የምትጥይው?

አርክቴክቷ፦ እዚህ ላይ ተያዝኩ። ዝቅ ያለውን ማዕዘን ወደ ምዕራብ አዞረዋለሁ፤ መቀመጫውንም ወደ ምሥራቅ አስጠጋለሁ። እንደዚያም ሆኖ አይበቃም። ታኅሣሥ ላይ የቀትር ፀሐይ በደቡብ ናት፣ ሰኔ ላይ በሰሜን። ሁሉን ላሟላ ካልኩ ጣሪያው ይሰፋል፣ ብሩም አብሮ። እንግዲያው የምዕራቡን ጎን ለዛፍ ልተወው። ግን ዋንዛ ይሁን፤ ቶሎ ያድጋል።

መምህሩ፦ ዋንዛ ካልሽ ማጠጣቱ በእኔ ይሁን። ግን በምን? ቧንቧችን በፈረቃ ነው የሚመጣ። ሐምሌ ላይ ችግኝ ይዘን ፎቶ እንነሳለን፤ የካቲት ላይ ችግኙም የለ፣ ፎቶ አንሺውም የለ።

አርክቴክቷ፦ የሸራው ዝናብ በርሜል ውስጥ ይውረድ። 10 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 640 ሊትር ገደማ ይሆናል።

መምህሩ፦ ክረምት ላይ ውኃ ማን አጣ? በርሜልሽ ጥር ሳይገባ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ያው ጀሪካን ነው። ይሁን፣ እሸከማለሁ። አንቺ ግን ቅዳሜ 10 ሰዓት ላይ አራት አጣናና አንድ አሮጌ ሸራ ይዘሽ ነይ። እንወጥረውና ጥላው የሚወድቅበትን በኖራ እናስምረው። የባጃጅ ልጆቹንም ንገሪያቸው፤ መቆሚያቸውን ለአንድ ሰዓት ይልቀቁልን።