ከ«ኤንድ» በኋላ ባለቤቱን መድገም ግዴታ አይደለም

«በእንግሊዝኛ ከ‹ኤንድ› (እና) በኋላ ባለቤቱ ካልተደገመ ዓረፍተ ነገሩ ስህተት ነው» የሚለው ምክር በብዙ ተማሪዎች ዘንድ ሥር የሰደደ ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የሁለቱም ግሶች ባለቤት አንድ እስከሆነ ድረስ ከ«ኤንድ»፣ ከ«በት» (ግን) እና ከ«ኦር» (ወይም) በኋላ መተው ይቻላል። «ሺ ኦፕንድ ዘ ዊንዶው ኤንድ ሉክድ አውት» አንዳች እንከን የለበትም። እንዲያውም ሁለተኛ «ሺ» ቢጨመርበት ይንዛዛል። ባለቤቱ ሲተው ከ«ኤንድ» በፊት ኮማ አብዛኛውን ጊዜ አይገባም።

ከእነዚህ ቃላት በኋላ ባለቤቱን መጥራት የሚያስፈልገው ሲለወጥ ነው። «ሳራ ኮልድ ሜሪ ኤንድ ሌፍት» ካልን የሄደችው ሳራ ናት፤ የሄደችው ሜሪ ከሆነች ስሟ እንደገና መጠራት አለበት።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ተቃራኒው ስህተት ነው። የአማርኛ ግስ ባለቤቱን በውስጡ ስለሚይዝ፣ ብዙ ተማሪዎች «ሂ ስቴይድ ሆም ቢኮዝ ዋዝ ሲክ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ፈጽሞ አይሆንም! ከ«ቢኮዝ» (ምክንያቱም) በኋላ፣ እንዲሁም ውጤትን ከሚያመለክተው «ሶ» (ስለዚህ) በኋላ፣ ባለቤቱ አንድ ቢሆንም እንኳ የግድ ይጠራል፦ «ቢኮዝ ሂ ዋዝ ሲክ»። መምህራን ቀይ እስክሪብቶአቸውን እዚህ ላይ ቢያውሉት እመርጣለሁ።